«ታጣቂ» የሚለው ቃል ገዳይን ይሸፍናል? በጦርነት ዜና ቋንቋ ላይ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ ለእኔም ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። ሁለቱ የቀድሞ ባልደረቦቼ ናቸው። ሦስተኛዋ ወለጋ ውስጥ ዘመዶቿ የተገደሉባት የጎረቤቴ ልጅ ናት። እሷ ከጽሑፉ ሥር አንድ መስመር ብቻ ጨምራለች፦ «ጋሼ፣ እውነታቸውን አይደለም እንዴ?» ለዓመታት በሬዲዮ ዜና አርታኢነት ስለሠራሁ ጽሑፉ የሚወቅሰው ሥራ የእኔም ሥራ ነበር። ለጥያቄዋ በአንድ መስመር መመለስ ስላቃተኝ ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ ጸሐፊው የሚሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። በግጭት ዜና ውስጥ «ታጣቂዎች»፣ «ተፋላሚ ወገኖች» የሚሉት ቃላት ገዳይን ይሸፍናሉ፤ ተጎጂውንም ዳግመኛ ይበድሉታል ይላሉ። ፓርላማ አንድን ድርጅት በሽብርተኝነት ከፈረጀ ጋዜጠኛ በሌላ ስም ሊጠራው አይገባም፤ ጉዳዩ የሕግ ነው ይላሉ። ገለልተኛ ቃል የሚባለውን ነገር ያመጡብን የባዕዳን ጣቢያዎች ናቸው፤ እነሱ ራሳቸውም አያከብሩትም ይላሉ። «ሁለቱም ወገን» እያሉ መዘገብ እውነትንና ውሸትን እኩል ማስቀመጥ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ሀገር ስትዋጋ ጣቢያዋ ከጎኗ መቆም አለበት፤ ቃልም ጥይት ነው ብለው ይደመድማሉ። የሚያበቁት ደግሞ «እናንተ ብትሆኑ የቶሌን ዜና እንዴት ትጽፉት ነበር?» በሚል ጥያቄ ነው። ቶሌ በሰኔ 2014 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተገደሉባት የምዕራብ ወለጋ ቀበሌ ናት። ጥያቄውን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ከሁሉም የሚያመው ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ከመተከልና ከወለጋ ለዓመታት በተላለፉ ዜናዎች ውስጥ «ማንነታቸው ያልታወቁ ታጣቂዎች» የሚለው ሐረግ ስንት ጊዜ እንደተነበበ አድማጭ ሁሉ ያስታውሰዋል። የተረፉት ሰዎች ገዳዮቹ ምን እንደለበሱ፣ በምን ቋንቋ ይነጋገሩ እንደነበር፣ አንዳንዴም በስም ማን ማን እንደነበሩ ተናግረዋል። ዜና አንባቢው ግን «ማንነታቸው ያልታወቁ» ይላል። ሟቾቹ አማራ በመሆናቸው ተለይተው እንደተገደሉ የተረፉት እየመሰከሩ፣ ዜናው «ንጹሐን ዜጎች» ብሎ ያልፋል። ጸሐፊው በዚህ መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

የማልስማማው ይህን «ገለልተኛ ቋንቋ» ብለው በመጥራታቸው ነው። የታወቀን ነገር «አልታወቀም» ማለት መረጃን መደበቅ ነው፤ ገለልተኝነት አይባልም። ገለልተኛ ቃል የሚተወው የጸሐፊውን ፍርድ እንጂ ፍሬ ነገሩን አይደለም። ማን፣ ማንን፣ የት፣ መቼ፣ በምን፣ ስንት ሰው፣ ይህን ያለው ማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መመለስ አለባቸው። ሟቾቹ በብሔራቸው ምክንያት ከተገደሉ ብሔራቸው የዜናው ልብ ስለሆነ ይነገራል። «ጭፍጨፋ» የሚለውም ቃል ቢሆን የተከለከለ አይደለም። ያልታጠቁ ሰዎች ተሰብስበው በጥይት ካለቁ ድርጊቱ ጭፍጨፋ ነው። የሚጠየቀው ሌላ ወገን ይህንኑ ሲፈጽም ያው ቃል ይወጣል ወይ ነው።

አልወጣም። በ2013 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ጥቅምት 30 ማይካድራ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አማሮች፣ ተገደሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አክሱም ላይ የኤርትራ ወታደሮች ነዋሪዎችን ገደሉ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ቁጥራቸው ከመቶ እንደሚበልጥ አረጋግጧል። ሰኔ 15 የትግራይዋ ቶጎጋ በገበያ ቀን ከአየር ተደበደበች። የአንዱን ወገን ጣቢያ ብቻ የሚከታተል ሰው ማይካድራን «ጭፍጨፋ» ተብሎ ሰማ፤ አክሱምን ለወራት አልሰማም። የሌላውን ወገን ጣቢያ የሚከታተለው አክሱምን «ጭፍጨፋ» ተብሎ ሰማ፤ ማይካድራን ግን የጠላት ፈጠራ ነው ተብሎ። ሁለቱም ጣቢያዎች ጸሐፊው የሚመኙትን ጠንካራ ቃል ያለ ስስት ተጠቅመዋል። ሁለቱም ግን ከሟቾቹ ግማሹን ደብቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። ጠንካራ የሚመስለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚነግረን ያነሰ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ፓርላማው ሕወሓትንና «ሸኔ» የተባለውን ቡድን በአንድ ቀን በሽብርተኝነት ፈረጀ። ከዚያ በኋላ «አሸባሪው ቡድን በሰላማዊ ሰዎች ላይ ጥቃት ፈጸመ» የሚል ዜና ስንሰማ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የቦታውን ስም መጠበቅ ነበረብን። ቃሉ ቁጣን ይነግራል፤ ማን ምን እንዳደረገ ግን አይነግርም።

በዚህ ጉዳይ አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የከበደ ሸክም አለበት፤ ጸሐፊው ይህን አለማንሳታቸው አስገርሞኛል። በእንግሊዝኛ «ተናገረ»ና «ተናገሩ» አንድ ቃል ናቸው። በእኛ ቋንቋ ግን ግሡ ራሱ ሰውን ያከብራል ወይም ያዋርዳል። የመንግሥት ጄኔራል «አስታወቁ»፤ የአማፂው አዛዥ «ዛተ»። የእኛ ወታደር «ተሰዋ»፤ የእነሱ «ተደመሰሰ»። ለእኛ ሰው «አስከሬን» እንላለን፤ ለእነሱ «ሬሳ»። ከተማ ወደ እጃችን ስትገባ «ነፃ ወጣች»፤ ከእጃችን ስትወጣ «ተወረረች»። ላሊበላ በ2013 ሐምሌ መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። በኅዳር 2014 መንግሥት መልሶ ያዛት፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ የትግራይ ኃይሎች ተመልሰው ገቡ፤ በዚያው ወር ደግሞ እንደገና ወደ መንግሥት ተመለሰች። «ተቆጣጠሩ» የሚለው ቃል ለአራቱም ጊዜ ይሠራል። ላሊበላ ውስጥ እናቱ ያለችበት አድማጭ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ከተማዋን ዛሬ ማን እንደያዛት ማወቅ ነው።

በእኛ ዴስክ ስለ ግሥ ለሳምንታት ተከራክረናል። በመጨረሻ የማንኛውንም ወገን ኃላፊና አዛዥ በአንቱታ እንድንጽፍ ተስማማን፤ የሞተውን ሁሉ ደግሞ ከየትም ይሁን «ተገደለ» እንድንል። ከባልደረቦቻችን አንዷ ወንድሟ ግንባር ላይ ሞቶባት ነበር። የሌላው ወገን አዛዥ የሰጡትን መግለጫ በአንቱታ ለማንበብ ስትቀመጥ እጇ ሲንቀጠቀጥ በመስታወቱ አይቻለሁ። አነበበችው። በአንቱታ ስታነብ ለአዛዡ ክብር መስጠቷ አልነበረም። አድማጩ ራሱ እንዲፈርድ ቦታ መልቀቋ ነበር።

በተቃራኒው የማለዘቢያ ቃላትም አሉ፤ ጸሐፊው እነሱን አላነሱም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ ዘመን ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ «እርምጃ ተወሰደባቸው» ማለትን ለመደ። በቀይ ሽብር ዘመን «አብዮታዊ እርምጃ» ሲባል ማን እንደገደለ፣ ማን እንደሞተ፣ በምን ጥፋት እንደሆነ አይነገርም ነበር። ዛሬም «እርምጃ ተወሰደ» የሚለውን በየዜናው እንሰማለን። ጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት ታንክና ጀት እየተሰማራበት ለወራት «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ሲባል ነበር። ጠላትን «አሸባሪ» የሚለውና የራሱን ግድያ «እርምጃ» የሚለው ብዕር አንድ ነው። የመጀመሪያውን ፈቅደን ሁለተኛውን ልንከለክል አንችልም።

ወደ ሕጉ ልሂድ። ፓርላማ መፈረጁ ራሱን የቻለ ፍሬ ነገር ነው። «ፓርላማ በሽብርተኝነት የፈረጀው» ብሎ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚተው አርታኢ መረጃ እየደበቀ ነው። እስከዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አዋጁ ግን የሚቀጣው ድርጊትን፣ አባልነትንና ድጋፍን ነው፤ ዜና አንባቢ የትኛውን ቅጽል እንዲያነብ አያዝም። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችል ሁኔታ እንዲመራ ይደነግጋል። ጸሐፊው ሕግ ከጠሩ ይህም ሕግ ነው።

የፍረጃን ዕድሜም እንመልከት። በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ፓርላማው ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ፈረጀ፤ ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ሦስቱንም ሰረዘ። የግንቦት 7 መሪ ብርሃኑ ነጋ በ2014 መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ሕወሓት በ2013 ተፈረጀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ከመንግሥት ጋር ፈረመ፤ መጋቢት 13 ደግሞ ከመዝገቡ ወጣ። የድርጅቱ ቃል አቀባይ የነበሩት ጌታቸው ረዳ በዚያው ወር የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ2017 ሚያዝያ ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ ሚኒስትር። የጣቢያው ቃል የፓርላማን ውሳኔ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ፣ በአንድ ጣቢያ መዝገብ ውስጥ አንድ ሰው በሦስት ዓመት «አሸባሪው»ም «ክቡር»ም ሆኖ ይገኛል። አድማጩ በእነዚህ ዓመታት ስለ ሰውዬው ሥራ ምን ተማረ? የፖለቲካው ነፋስ ወዴት እንደዞረ ብቻ ነው የተነገረው።

ይህ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በደርግ ዘመን «ወንበዴ» ሲባሉ የኖሩት የኢሕአዴግ ኃይሎች ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ሬዲዮ የትናንት «ወንበዴ» መንግሥት ሆነ፤ የትናንቱ «አብዮታዊ ሠራዊት» ደግሞ «የደርግ ወታደር»። ከዚያ ሠራዊት ውስጥ ለሀገሬ ነው ብሎ የሞተ ልጅ ያላት እናት ሬዲዮዋን ከፍታ ያን ቃል ስትሰማ ምን እንደተሰማት የጠየቃት የለም። ኃይሎቹ የተጠሩበት ቃል ያኔም በልኩ ቢሆን ኖሮ መንግሥት ሲቀያየር አይቀያየርም ነበር።

የጸሐፊው የሕግ ክርክር በአማራ ክልል ጦርነት ላይ ሲደርስ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ፋኖ በ2013 እና 2014 ከመከላከያ ጎን ሲሰለፍ በመንግሥት ጣቢያዎች በስሙ እየተጠራ ይወደስ ነበር። ከ2015 ሐምሌ ወዲህ በእነዚያው ጣቢያዎች «ጽንፈኛው ቡድን» ነው። «ጽንፈኛ» የሚለው ስያሜ ከፓርላማ የፍረጃ ውሳኔ አልመጣም። ጋዜጠኛው እዚህ ላይ የተከተለው የትኛውን ሕግ ነው? ጸሐፊው ለሽብርተኝነት ያቀረቡትን መከራከሪያ እዚህ ላይ ሲያመጡት አላየሁም።

በዚህ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቃል የመምረጥ ዋጋ በሀገራችን ከባድ ነው። በሐምሌ 2013 የአዲስ ስታንዳርድ ፈቃድ ለጊዜው ሲታገድ ከተነሱት ክሶች አንዱ የትግራይን ታጣቂዎች የሚጠራበት ስም ነበር። በዚያ ወቅት «አሸባሪው» ብሎ አንብቦ ቤቱ የገባን ጋዜጠኛ አልወቅስም፤ ልጆች አሉት። የምወቅሰው ፍርሃት ያስገደደውን ነገር እንደ ሙያ ደንብ አድርጎ ማቅረብን ነው።

«ከባዕዳን የመጣ ነው» የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። የባዕዳን ጣቢያዎች ይሳሳታሉ፤ ሚዛናቸውም እንደ ቦታው ይለያያል። የብሪታንያ መንግሥት ከ1988 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ሲን ፌን የተባለው የአየርላንድ ብሔርተኛ ፓርቲ ሰዎች ድምፅ በሬዲዮና ቴሌቪዥን እንዳይሰማ ስለከለከለ ጣቢያዎቹ የመሪውን የጄሪ አዳምስን ንግግር በተዋናይ ድምፅ ያስነብቡ ነበር። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ሐማስን «አሸባሪ» ባለማለቱ ሲወቀስ፣ አንጋፋው ዘጋቢ ጆን ሲምፕሰን ማንን ደግፉ ማንን አውግዙ ብሎ ለሕዝብ መንገር የጣቢያው ሥራ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ። ብዙ ሳይቆይ ጣቢያው አገላለጹን በከፊል ለወጠ፤ የብሪታንያ መንግሥት በሽብርተኝነት የፈረጀው መሆኑን መጥቀስ ጀመረ። ጋዛ ውስጥ የሚሞቱትን ደግሞ ገዳይ በሌለው ግሥ እየጠራ ነው የሚሉ ወቀሳዎች ከሌላው ወገን መጡበት፤ ብዙዎቹ ወቀሳዎች ሚዛን የሚደፉ ናቸው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ሰው ደንቡን መጣሱ ደንቡን ሐሰት አያደርገውም። ነገሩም የባዕድ አይደለም። በላ ልበልሃ ሲባባሉ የኖሩ አያቶቻችን ከሳሽን ሰምተው ተከሳሽን ሳይሰሙ አልፈረዱም። ለዕርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ገና ነገሩ ሳይሰማ አንዱን «ሌባው» ብሎ ቢጠራ ሽምግልናው በዚያው ይፈርሳል።

አራተኛው ነጥብ ላይ ከጸሐፊው ጋር ያለኝ ልዩነት ትንሽ ነው። ለሁለት ወገን እኩል ደቂቃ መስጠት ሚዛን አይደለም። ቶጎጋ ላይ የሠራዊቱ ቃል አቀባይ የተመቱት ሲቪል የለበሱ ተዋጊዎች ናቸው አሉ፤ ቁስለኞችን የተቀበሉ የመቀሌ ሐኪሞች ደግሞ ሕፃናትን ማከማቸውን ተናገሩ። «አንዱ እንዲህ አለ፣ ሌላው እንዲያ አለ» ብሎ መዝጋት ስንፍና ነው። አንዱ ያየውን የሚናገር ምስክር ነው፤ ሌላው ቦታው ላይ ያልነበረ ቃል አቀባይ። ይህን ለአድማጩ መንገር የአርታኢ ሥራ ነው። ግን ይህን ለመንገር ስድብ አያስፈልግም። ሐኪሙ ምን እንዳየ በግልጽ ከተጻፈ ይበቃል።

አምስተኛው፣ «ሀገር ስትዋጋ» የሚለው፣ ልብን ስለሚነካ መልሱም ከልብ መሆን አለበት። በ1982 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ለፎክላንድ ደሴቶች ከአርጀንቲና ጋር ስትዋጋ ቢቢሲ «ወታደሮቻችን» ሳይሆን «የብሪታንያ ወታደሮች» እያለ ይዘግብ ነበር። ጋዜጠኛው ፒተር ስኖው የሁለቱንም መንግሥታት መግለጫ በጥርጣሬ በማየቱ ከፍተኛ ቁጣ ተነሳ። ጠቅላይ ሚኒስትር ታቸር በፓርላማ የሀገራችን ጉዳይ በበቂ ብርታት እየቀረበ አይደለም ሲሉ ወቀሱ። ከጣቢያው ኃላፊዎች አንዱ ሪቻርድ ፍራንሲስ በዚያው ሰሞን በሰጡት መልስ፣ የፖርትስማውዝ ባሏ የሞተባት ሴት ከቦነስ አይረስ ባሏ የሞተባት ሴት አትለይም አሉ። ብሪታንያ በዚህ ቃል ምክንያት ጦርነቱን አልተሸነፈችም።

የእኛን ደግሞ እንይ። ሬዲዮው የድል ዜና ብቻ ሲያሰማ የኖረ ሕዝብ በመጋቢት 1980 የደርግ ጦር ናደው ዕዝ ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ ሲፈርስ እውነቱን ፍለጋ መስኮት ዘግቶ የውጭ ጣቢያና የአማፅያኑን ሬዲዮ አዳመጠ። ከሀገር ጎን ቆሜያለሁ ያለው ጣቢያ የሀገሩን አድማጭ ለጠላቱ ሬዲዮ አስረከበ። ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. መከላከያ ከመቀሌ ሲወጣ ዜናው «የተናጠል የተኩስ አቁም» ነበር። ውሳኔው መታወጁ እውነት ነው፤ ግን የትግራይ ኃይሎች በዚያው ምሽት ከተማዋን መያዛቸውም እውነት ነበር። ጦርነቱ ወደ ራያና ወደ ወልድያ እየመጣ መሆኑን ከዜናው መገመት የሚችል ገበሬ አልነበረም።

ከሁሉ የማልረሳው የ2014 ጥቅምት 20 ቀን ነው። የትግራይ ኃይሎች ደሴን ያዝን አሉ፤ መንግሥት ከተማዋ በእጄ ናት አለ። ከሰዓት በኋላ በጣቢያችን ስልክ አንዲት ሴት ከደሴ ደወለች። ሦስት ልጆችና የታመመች እናት አሉኝ፤ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሚኒባስ ተገኝቷል፤ ልውጣ ወይስ ልቆይ? አለችኝ። ያኔ እጄ ላይ የነበረው ዜና «የአሸባሪው ቡድን የሐሰት ፕሮፓጋንዳ» የሚል ነበር። በዚያ ዜና ውስጥ ለሷ የሚሆን አንድም ቃል አልነበረም። «በከተማዋ መግቢያ ውጊያ እየተካሄደ ነው፤ ነዋሪዎች እየወጡ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ከተማዋን ይዘናል ይላሉ» የሚለው ዜና ግን ለሷ መንገድ ነበር። የደሴዋ እናት ሀገር አይደለችምን? ጣቢያው ከሀገር ጎን ይቁም ሲባል ከእሷ ጎን መቆሙ እንዴት ተረሳ?

ቃልም ጥይት ነው የሚሉትን እኔም አምናለሁ። ለዚህም ነው የምፈራው። የሩዋንዳው ኤርቴኤልኤም ሬዲዮ በ1993 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ሙዚቃና ጨዋታ የሚያበዛ፣ ወጣት የሚወደው ጣቢያ ነበር። ጠላትን «በረሮ» እያለ አድማጩን አለማመደ፤ በ1994ቱ እልቂት ወቅት ደግሞ «ሥራ» ሲል ግድያ ማለት ነበር። የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት አሩሻ ላይ ተቀምጦ በ2003 እ.ኤ.አ. ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱን ጥፋተኛ አለ። እኛም «አረም»፣ «ነቀርሳ»፣ «የቀን ጅብ» የሚሉ ቃላትን ከመሪዎች አፍ ሰምተን በዜና ሰዓት ደጋግመናቸዋል፤ ከሌላውም ወገን ጣቢያዎች ሕዝብን በጅምላ የሚያዋርዱ ቃላት ወጥተዋል። መሪ ከተናገረው በጥቅስ ውስጥ፣ የተናጋሪው ስም ተጠቅሶ ይዘገባል። አርታኢው ግን ያንን ቃል ከጥቅሱ አውጥቶ የራሱ ካደረገው ተኩሷል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ጸሐፊው ለቶሌ ያቀረቡት ምሳሌ «አሸባሪው ሸኔ ንጹሐንን ጨፈጨፈ» የሚል ነው። እኔ በዚያ ሰሞን ዜናውን የማነበው ቢሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ዞን ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ ታጣቂዎች በአማራ ነዋሪዎች ላይ ባደረሱት ጭፍጨፋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ቃል አቀባይ ማንነታቸው የተለየ ሟቾች 338 መሆናቸውን ተናግረዋል። የተረፉ ነዋሪዎች ገዳዮቹ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራው፣ መንግሥት ‹ሸኔ› የሚለውና ፓርላማ በሽብርተኝነት የፈረጀው ቡድን አባላት እንደሆኑ ገልጸዋል፤ መንግሥትም ተጠያቂ ያደረገው ይህንኑ ቡድን ነው። ቡድኑ ግድያውን አልፈጸምኩም ብሎ ከመንግሥት ጋር የሚሠሩ ኃይሎችን ከስሷል። ነዋሪዎቹ እንደሚሉት ግድያው ለሰዓታት ሲቀጥል የመንግሥት የፀጥታ ኃይል አልደረሰላቸውም።»

ከጸሐፊው አራት ቃላት ይረዝማል። ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በእሳቸው አራት ቃላት ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ «አሸባሪው ጨፈጨፈ» ካልን በኋላ ጠባቂው የት ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተረፉት ሰዎች ግን ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ይህንን ነበር።

ይህን አንቀጽ ለጎረቤቴ ልጅ ላክሁላት። እስከ ማታ አልመለሰችም። ከዚያ «ይሻላል» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም «የሞቱት ስም ግን ለምን የለም?» አለችኝ። ጊዜ አይበቃም የሚለውን የዜና ክፍል መልስ ለመጻፍ ጀምሬ ተውኩት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የአጎቷንና የሦስት ልጆቹን ስም ከነዕድሜያቸው ልካልኛለች።